ካናዳን ለማየት ስትመጡ፦ አንድ ወገን መርጦ በደንብ መጎብኘት

የዛሬ ሦስት ዓመት የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን ደወለልኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ቶሮንቶ እንገባለን፣ ከሰዓት ኒያግራን እናያለን፣ እሁድ ማታ አንተ ዘንድ ደርሰን ሰኞ የባንፍን ተራሮች ታሳየናለህ» አለኝ። መኪናውን ተከራይቶ ጨርሷል። እኔ የምኖረው በምዕራብ ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው። ከቶሮንቶ ካልጋሪ በመኪና 3,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሹፌር እየተቀያየረ ሌሊቱን ሁሉ ቢነዳ እንኳ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና አማቱን ይዞ ነበር የሚመጣው። ሐሳቡን አስቀየርኩትና አምስቱን ቀን እዚያው ምሥራቁን ሲያዩ ከረሙ። ወደ እኔ የመጡት በዓመቱ፣ በአውሮፕላን ነው።

ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ዘመድ ሁሉ በስልክ የምደጋግመውን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ቲኬት ስትቆርጡ ስድስት ሰዓት መጨመር ወይም መቀነሳችሁን አትርሱ። በዚህ ምክንያት ጀልባ ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ።

አንደኛ፦ ወገን ምረጡ

ካናዳ ወደ 10 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። ኢትዮጵያን ዘጠኝ ጊዜ ደራርባችሁ አስቡት። በምሥራቅ ጫፍ ያለችው ሴንት ጆንስ ከቫንኩቨር ይልቅ ለለንደን ትቀርባለች። አገር አቋራጩ አውራ ጎዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቶሮንቶ ቫንኩቨር የሚሄደው ባቡርም አራት ሌሊት ያሳድራል። ስለዚህ የሚታየውን ስም ዝርዝር ከመሰብሰባችሁ በፊት ያላችሁን ቀን ቁጠሩ።

ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ካላችሁ ከሁለቱ አንዱን ያዙ። አንደኛው ቶሮንቶ፣ ኒያግራ፣ ኦታዋ፣ ሞንትሪያልና ኩቤክ ከተማ ያሉበት የምሥራቁ መስመር ነው። ሁለተኛው ከካልጋሪ ተነሥቶ ባንፍን፣ ሌክ ሉዊስንና ጃስፐርን የሚያዳርሰው የተራራው መስመር ነው። አሥራ አራት ቀን ካላችሁ ሁለቱን በአውሮፕላን ማያያዝ ይቻላል፤ ከቶሮንቶ ካልጋሪ አራት ሰዓት ያህል በረራ ነው። አትላንቲኩና ሰሜኑ ለብቻቸው ጉዞ ይፈልጋሉ፤ ከሌላው ጋር ማዳበል አይሆንም።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶሮንቶ ስለሚበር ምሥራቁን ማስቀደም ይቀላል። አዛውንት ወላጅ ይዛችሁ ከሆነም ምሥራቁ ይሻላል። ባቡር አለ፣ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ደግሞ እንጀራና ሽሮ አይጠፋም።

ሁለተኛ፦ ወረቀታችሁን አስተካክሉ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚመጣ ሰው የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የጣት አሻራና ፎቶም ይሰጣል። የሚጠበቅበት ጊዜ እንደምታመለክቱበት አገር ይለያያልና ቪዛው ሳይያዝ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ያልተቃጠለ ፓስፖርትና ግሪን ካርዱን አብራችሁ ያዙ። በእስራኤል ወይም በአብዛኛው የአውሮፓ አገር ፓስፖርት በአውሮፕላን የምትመጡ በኢንተርኔት የሚሞላውን አጭር የጉዞ ፈቃድ ቀድማችሁ ታወጣላችሁ። ክፍያው 7 የካናዳ ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ የመንግሥት አይደለም ማለት ነው፤ ዝጉት።

መኪና የምትከራዩ ከሆነ ክሬዲት ካርዱ በሚነዳው ሰው ስም መሆን አለበት። ብዙ ቤተሰብ አየር ማረፊያ ባንኮኒው ላይ የሚጉላላው በዚህች ነገር ነው።

ሦስተኛ፦ ጊዜውን ለዩ

እኛ ክረምት የምንለው ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ነው። ሁሉም ቦታ ክፍት ነው፤ ሁሉም ቦታ ይሞላል፤ የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል። ምርጫው በእጄ ቢሆን ሰውን ሁሉ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል እንዲመጣ አደርግ ነበር። ሕዝቡ ይቀንሳል፣ ትንኙ ይጠፋል፣ ቅጠሉ ቀለም ይለውጣል፣ መንገዱ ላይ ገና በረዶ የለም።

ከዲሴምበር እስከ ማርች መምጣት የሚገባው በረዶውን ራሱን ማየት ለሚፈልግ ነው። ያኔ የተራራ ሐይቆች ነጭ ሜዳ ናቸው፤ ያንን አረንጓዴ ሰማያዊ ውሃ በፎቶ አይታችሁ በጃንዋሪ ብትመጡ አታገኙትም። ሜይም ያታልላል። ቶሮንቶ አበባ ሲያብብ ተራራው ላይ ሐይቁ ገና ላይቀልጥ ይችላል።

አራተኛ፦ ምሥራቁን የመረጣችሁ

ቶሮንቶ አንድ ቀን ይበቃታል። ከፒርሰን አየር ማረፊያ መሀል ከተማ በባቡር 25 ደቂቃ ነው፤ ታክሲ አያስፈልግም። ሲ ኤን ታወር 553 ሜትር ነው፤ በ1976 ተሠርቶ እስከ 2007 ድረስ በዓለም ላይ ብቻውን ከቆመ ሕንፃ ሁሉ የሚበልጠው አልነበረም። ሰማዩ ደመና ከሆነ ለመውጫው ገንዘብ አታውጡ። ከላይ ሆናችሁ የምታዩት ጭጋግ ነው። ከተማይቱ ለእኛ ሌላም ትርጉም አላት። ማርሽ ቀያሪው ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር የመጨረሻ ዘመኑን የኖረው እዚያ ነው፤ ያረፈውም በዲሴምበር 2016 እዚያው ነው።

ኒያግራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ በአንድ ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ። ፏፏቴዎቹ ሦስት ናቸው። ትልቁ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈው፣ 57 ሜትር ይወርዳል። ጢስ ዓባይን በደህናው ዘመን ያየ ሰው ቁመቱ ላይገርመው ይችላል። የሚያስደነግጠው የውሃው ብዛት ነው፤ ያውም ከፊሉ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተጠለፈ በኋላ የቀረው ነው። ካናዳና አሜሪካ በ1950 በተፈራረሙት ውል መሠረት በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ ቢያንስ 2,800 ሜትር ኩብ ገደማ በፏፏቴው ላይ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ሌሊትና በብርዱ ወራት ግማሹ ይበቃል። ስለዚህ ሙሉ ጉልበቱን ማየት የሚፈልግ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር፣ በቀን ይምጣ። ማታ መብራቱ ያምራል፤ ውሃው ግን ቀን ያያችሁት ያህል አይደለም።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ድረሱና መጀመሪያ ጀልባውን ያዙ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ወረፋው ይረዝማል። ሲገቡ ቀይ ላስቲክ ያለብሷችኋል (ከወንዙ ማዶ በአሜሪካ በኩል ያሉት ሰማያዊ ነው የሚለብሱት)። ስልካችሁን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሉ፤ መነጽር ያለው ሰው አውልቆ ይያዘው። ጀልባው የኮቴው ውስጥ ሲገባ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ድምፅ አትሰሙም። ሦስት በኩል ነጭ ግድግዳ ነው፣ ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚነሣው ውሃ ፊት ላይ ይገናኛል። ልጅ ከሆነ እጁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ወለሉ ያሟልጫል። ስትወጡ ቴብል ሮክ የሚባለው ቦታ ላይ ቁሙ። ውሃው ተጠማዝዞ ሊወድቅ ሲል፣ አረንጓዴ ብርጭቆ መስሎ፣ ከአጥሩ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ይታያል። ይህ በነፃ ነው፣ ከሚከፈልበት ብዙው ነገርም ይበልጣል። ጊዜ ካላችሁ ወደ አሮጌው የኃይል ማመንጫ ግቡ። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በሊፍት ወደ ታች ወርዳችሁ በ670 ሜትር ዋሻ ውስጥ ተራምዳችሁ ወንዙ ዳር ትወጣላችሁ።

ጀልባው በብርዱ ወራት ይቆማል። ፓርኪንግ ፏፏቴው አፍ ላይ ውድ ነው፤ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና በከተማው አውቶቡስ ሂዱ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ሬንቦ የሚባለው ድልድይ ወደ አሜሪካ ያሻግራል። መስመር ተሳስታችሁ ከገባችሁበት መመለሻ የለውም፤ ድንበር ላይ ትቆማላችሁ። የአሜሪካ ቪዛ ከሌላችሁ፣ እዚያ አካባቢ ስትነዱ ምልክቱን የሚያነብላችሁ ሰው ከጎን ይቀመጥ።

ኦታዋ ከቶሮንቶ 450 ኪሎ ሜትር ነው። የፓርላማው ዋና ሕንፃ ለዓመታት በሚቆይ እድሳት ላይ ስለሆነ አይገባበትም፤ ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከጎኑ ባለው ምዕራባዊ ሕንፃ ነው። ጉብኝቱ ነፃ ነው፣ ቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙት። በ1916 ዋናው ሕንፃ ሲቃጠል ከኋላው ያለው ቤተ መጻሕፍት የተረፈው የብረት በሮቹ ስለተዘጉ ነው፤ ክብ ጣሪያውን ከወንዙ በኩል ዞራችሁ ተመልከቱት። ሪዶ የሚባለው የ1832 ቦይ መሀል ከተማውን ያቋርጣል። በሰመር ጀልባ ይሄድበታል፣ በብርዱ ሲረጋ ሰው በበረዶ ጫማ እየተንሸራተተ ሥራ ይሄድበታል።

ሞንትሪያል ስትደርሱ ቋንቋው ወደ ፈረንሳይኛ ይቀየራል፤ በ«ቦንዡር» ጀምሩ፣ ሰው ፊቱ ይፈታል። ኦሊምፒክ ስታዲየሙን ከውጭ ማየት ይበቃል፣ ጣሪያው እየተቀየረ ነው። እኔ ግን እዚያ ስቆም ሁልጊዜ የሚሰማኝ ሌላ ነገር ነው። በ1976 ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ጉዳይ ተቃውመው ከውድድሩ ሲወጡ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። ምሩፅ በጉልበቱ ዘመን ሞንትሪያል ላይ ሳይሮጥ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ 5,000ና 10,000 ሜትርን አሸንፎ ጥማቱን ተወጣ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው።

እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ የቅዱስ ዮሴፍን ቤተ ክርስቲያን አትለፉ። ኮረብታው ላይ በጣም ትልቅ ጉልላት ያለው፣ የካቶሊኮች መሳለሚያ ነው። ከሥር እስከ ላይ 283 ደረጃ አለው፤ መካከል ላይ ያሉት 99ኙ የእንጨት ደረጃዎች በጉልበታቸው እየተንበረከኩ ለሚወጡ ምእመናን የተተዉ ናቸው። ኩልቢን ወይም ግሸንን የተሳለሙ እናቶች ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ያውቁታል። መውጣት የማይችል በሊፍት ይወጣል።

ኩቤክ ከተማ የመስመሩ መጨረሻና፣ በእኔ አስተያየት፣ ከምሥራቁ ሁሉ ውቧ ናት። በ1608 የተቆረቆረች፣ ግንቧ እስከ ዛሬ ዙሪያዋን የከበባት፣ ከሜክሲኮ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ ብቸኛዋ ባለ ግንብ ከተማ ናት። ሐረር ጀጎልን የሚወድ ሰው እዚህ ይመቸዋል። በበሩ ግቡና ካርታውን አስቀምጡ፤ ቁልቁል እስከ ወንዙ በእግር ውረዱ። ሲመሽ ሻቶ ፍሮንትናክ የሚባለው ትልቅ ሆቴል ፊት ለፊት ያለው የእንጨት መናፈሻ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ ሞንሞራንሲ ፏፏቴ ሂዱ፣ ከከተማው ሩብ ሰዓት ነው። 83 ሜትር ነው፣ ኒያግራን በ26 ሜትር ይበልጠዋል፤ አፉ ላይ በተንጠለጠለው ድልድይ ትሻገሩበታላችሁ።

አምስተኛ፦ አትላንቲኩና ሰሜኑ

እነዚህ ካናዳን አንድ ጊዜ አይተው ለሚመለሱ ናቸው። በኒው ብራንዝዊክ ሆፕዌል ሮክስ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ የፈንዲ ወሽመጥ ማዕበል ከፍታው በአንዳንድ ቦታ 16 ሜትር ይደርሳል፣ ባለ አምስት ፎቅ ቤት ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የምትሄዱበትን ቀን የማዕበል ሰንጠረዥ አውጡ፣ ባሕሩ ጨርሶ የሚሸሽበትን ሰዓት ያዙ፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት በፊትና ሦስት ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ወለሉ ላይ መራመድ ይቻላል። ስድስት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ እዚያው ቦታ ብትመለሱ የቆማችሁበት ድንጋይ ላይ ታንኳ ይንሳፈፍበታል። ሁለቱንም ለማየት ቀኑን ሙሉ ስጡት። ሃሊፋክስ ከተጨመረ ፒየር 21 ግቡ፤ ከ1928 እስከ 1971 አንድ ሚሊዮን የሚሆን ስደተኛ በመርከብ የገባበት በር ነው። የስደትን ነገር ለምናውቅ ሰዎች ዝም ብሎ የሚታለፍ ቤት አይደለም። ሴንት ጆንስ የምትደርሱ ደግሞ ሰዓታችሁን ከቶሮንቶ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀድሙ፤ ግማሽ ሰዓቷ የእውነት ናት።

የሰሜን ብርሃን ለማየት የለውናይፍ ሂዱ፤ ከካልጋሪ ወይም ከኤድመንተን ይበረራል። ሰው ሁሉ የሚያስበው በጃንዋሪ ብቻ እንደሚታይ ነው። ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ሌሊቱ መጨለም ሲጀምር ይታያል፤ ያኔ ሐይቁ ስላልረጋ ብርሃኑ ውሃው ላይም ይንጸባረቃል። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዙ፣ አንዱ ደመና ሊሆን ይችላል። በብርዱ ወራት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የተለመደ ነው፤ የስልክ ባትሪ በደቂቃዎች ያልቃልና ከውስጥ ኪሳችሁ አታውጡት።

ስድስተኛ፦ ተራራውን የመረጣችሁ

የቤቴን ወገን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ብዙ የምለው ስላለኝ ነው።

ከካልጋሪ ባንፍ 130 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ባንፍ ፓርክ የተጀመረው በፍል ውሃ ነው። የባቡር ሠራተኞች በ1883 ዋሻ ውስጥ የሚፈልቅ ፍል ውሃ አገኙ (የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ስቶኒ ናኮዳዎች ከጥንት ያውቁት ነበር)፣ መንግሥት በ1885 አካባቢውን ከለለ፣ ከዚያ የካናዳ ብሔራዊ ፓርክ ሁሉ መነሻ ሆነ። በዓመቱ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ቆረቆሩ። ለእንግዳ ይህን ስነግር ቦታው ወዲያው ይቀርበዋል። ስለ ከፍታውም አትስጉ፤ ባንፍ ከተማ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከአዲስ አበባ ብዙ ዝቅ ትላለች። የእኛ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም።

ከካልጋሪ ስትወጡ ከአውራ ጎዳናው በላይ ዛፍ የበቀለባቸው ድልድዮች ታያላችሁ። ለመኪና አይደሉም፤ ድብ፣ ተኩላና አጋዘን የሚሻገሩባቸው ናቸው። ልጆች ይህን ካወቁ መንገዱን ሙሉ አይተኙም።

ዋናው ጉዳይ ሞሬን ሌክ ነው። በአሥር ተራሮች ተከቦ የተቀመጠ፣ በአንድ ዘመን በ20 ዶላሩ ኖት ጀርባ ላይ የነበረ ሐይቅ ነው። ቀለሙ የሚመጣው በረዶው ድንጋዩን ፈጭቶ እንደ ዱቄት አልሞ ወደ ውሃው ስለሚያወርደው ነው፤ ዱቄቱ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ብርሃኑን ይመልሳል። ከ2023 ጀምሮ በግል መኪና መግባት ተከልክሏል። እኔና እናቴ በዚያ ዓመት ሳናውቅ ሄደን መገንጠያው ላይ ተመልሰናል፤ እናቴ ምንም አላለችም፣ መስኮቱን ከፍታ ተራራውን ስታይ ተመለሰች። ያ ቀን አሁንም ይቆጨኛል፤ እናንተ ላይ እንዳይደርስ እንዲህ አድርጉ።

የፓርኩ አውቶቡስ ቦታ በኢንተርኔት ይያዛል። ከመቀመጫው ከፊሉ በአፕሪል ይለቀቃል፣ በቀናት ውስጥ ያልቃል። የቀረው፣ የሚበዛውም፣ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት በአልበርታ (ካልጋሪና ባንፍ ያሉበት ክፍለ ሀገር) ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። ይህ በዋሽንግተንና በቶሮንቶ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። አካውንቱን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ ካርዳችሁን አስገቡ፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት ገጹ ላይ ተቀመጡ፣ ሲከፈት ያገኛችሁትን ሰዓት ያዙ። «የሚመቸኝ ሰዓት» እያላችሁ ስትመርጡ ያልቃል። መኪናችሁን የሌክ ሉዊስ የበረዶ ሸርተቴ ማዕከል ፓርኪንግ ላይ አቁማችሁ አውቶቡሱን ትሳፈራላችሁ። በዚያው ቲኬት ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚያመላልስ አውቶቡስም አለ፤ ጠዋት ሞሬንን፣ ከሰዓት ሌክ ሉዊስን አድርጉት። መንገዱ ክፍት የሚሆነው ከጁን እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው።

በማግስቱ ከሌክ ሉዊስ ጃስፐር ያለውን 230 ኪሎ ሜትር መንገድ ንዱ። በሦስት ሰዓት ያልቃል፤ እናንተ ግን ሙሉ ቀን ስጡት። ከመነሣታችሁ በፊት ነዳጅ ሙሉ፣ ካርታውን ስልኩ ላይ አውርዱ፤ አብዛኛው መንገድ ኔትወርክ የለውም፣ ማደያም መካከል ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በብርዱ ወራት ይዘጋል። ፔይቶ ሌክ ላይ ቁሙ። ከዚያ አታባስካ ላይ ወርዳችሁ ወደ በረዶ ግግሩ በእግር ሂዱ። መንገዱ ዳር ዓመት የተጻፈባቸው ምልክቶች ተተክለዋል፤ በረዶው በዚያ ዓመት የነበረበት ቦታ ነው። የተወለዳችሁበትን ዘመን አልፋችሁ ስትሄዱ፣ የልጃችሁን ስታልፉ፣ በረዶው ገና ወደፊት ነው። ባለፉት 125 ዓመታት ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቷል። ያለ መሪ ግን በረዶው ላይ አትውጡ፤ ላዩ ደህና መስሎ ሥሩ ስንጥቅ ነው፣ ሰው ሞቶበታል። ጃስፐር ስትደርሱ የተቃጠለ ጫካ ታያላችሁ። በጁላይ 2024 እሳት ከከተማዋ ሕንፃ ሲሶውን ያህል በላ። ክፍት ናት፣ እንግዳም ትፈልጋለች፤ ሌሊቱን እዚያ እደሩ።

ስለ ምግብ አንድ ነገር። ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ለመኪና የሚሆን ስንቅ ነው። ወጥ ከያዛችሁ ግን መኪና ውስጥ ቆልፉበት፤ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ፎቶ ለመነሣት አትሂዱ። ቅመሙን ድብ ከሩቅ ያሸትተዋል፣ ምግብ የለመደ ድብም መጨረሻው መገደል ነው። ድብ ካያችሁ 100 ሜትር፣ አጋዘን ካያችሁ 30 ሜትር ራቁ፣ ከመኪናም አትውረዱ። በእግር ጫካ የምትገቡ ከሆነ ለድብ የሚረጨውን ስፕሬይ ግዙ፤ ከቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ወገባችሁ ላይ ይሁን፣ እየተነጋገራችሁም ሂዱ።

ሰባተኛ፦ ለመስቀል ሰሞን

ከሞሬን ሌክ ወደ ላይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ዳገት የሚወጣ መንገድ አለ፣ ላርች ቫሊ ይባላል። ላርች የጽድ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ በየዓመቱ ቅጠሉን ማርገፉ ነው። ከማርገፉ በፊት በሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ ሸለቆው በሙሉ ቢጫ ይሆናል። አሥር ቀን ያህል ነው የሚቆየው። በድብ ምክንያት በአንዳንድ ጊዜ አራት ሆኖ ተጠጋግቶ መሄድ ግዴታ ይሆናል፤ ሲነሡ መግቢያው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቡ። ጠዋቱ ዜሮ አካባቢ ነው፣ ቀትር ላይ ሹራብ ያስወልቃል፤ ደራርባችሁ ልበሱ፣ ጋቢ ካላችሁ ለዕረፍት ያዙ።

መገንጠያው ላይ በተመለስን በዓመቱ፣ ቲኬቱን በዚያች ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አግኝቼ፣ እናቴን ወሰድኳት። እንጦጦ ማርያም በእግሯ ስትወጣ የኖረች ሴት ናት፤ ቀስ እያለች በሦስት ሰዓት ወጣችው። ላይ ስንደርስ አንዱን ቅርንጫፍ ሳብ አድርጋ ቅጠሉን በመዳፏ ደባበሰችው። እንደ ጥድ ይወጋል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ለስላሳ ነው። «አደይ የለበሰ ዛፍ» አለችና ትንሽ ዘለላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ልትቋጥር ስትል ከፓርክ ምንም መውሰድ እንደማይፈቀድ ነገርኳት። መልሳ ዛፉ ሥር አስቀመጠችው።

የፓርክ መግቢያውን በተመለከተ፦ ከአንድ ሳምንት በላይ የምትቆዩ ከሆነ ወይም ብዙ ሰው ከሆናችሁ የዓመቱን ፓስ ግዙ። በአንድ መኪና እስከ ሰባት ሰው ይይዛል፤ 17 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች መጀመሪያውኑ አይከፍሉም። ፓሱ የሚያበቃው በገዛችሁበት ቀን ሳይሆን በተከታዩ ዓመት በዚያው ወር መጨረሻ ቀን ነው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የገዛ ሰው የሚቀጥለውንም መስቀል በዚያው ፓስ ያያል ማለት ነው። እናቴ ፓሱን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች።